ግማሽ ጣት

የካቲት 4

ዛሬም ሥራ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ኮሌታ ገለበጥኩ፣ ሁለት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ለጠፍኩ። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቷል። አሁን ሰው ሁሉ የሚያሰፋው የጀሪካን መሸከሚያ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፣ ትከሻ እንዳይቆርጥ እጥፍ አድርጌ እሰፋላቸዋለሁ። ድርቁ ለልብስ ሰፊ ያመጣው ሥራ ይኸው ነው። ምን ይደረግ።

ጠዋት ጉድጓዱን ለካሁ። አርባ ስምንት ጣት። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልገባበትም። ጉድጓዱን የቆፈረው አባታችን ነው። ውስጡን በሲሚንቶ ለስኖ፣ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ እንዲሰበስብ አድርጎ ነው የሠራው። መለኪያውን ዘንግም በቢላ እየጫረ ምልክት ያደረገበት እሱ ነው። አንድ ጣት ማለት አራት ጀሪካን። ይህችን ቁጥር እንደ ስማችን ነው ያስጠናን።

አሁን ግቢው ለሁለት ተከፍሏል። አጥሩ በጉድጓዱ አናት ላይ ያልፋል። በእኔ በኩል አንድ ክዳን፣ በታናሼ በኩል አንድ ክዳን... ውስጡ ግን ያው አንድ ውሃ ነው። ከታናሼ ጋር ከተነጋገርን ስድስት ዓመት ሆነን። ምክንያቱ አጥሩ ነው። ግንበኛ ነውና ራሱ ገነባው፣ ሲገነባ አንድ ስንዝር ወደ እኔ አስገባው። "ለስንዝር ነው እንዴ?" ትላለች ባለቤቴ። ስንዝርም ብትሆን የእኔ ነበረች።

የካቲት 6

ባለቤቴን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ያንኑ ደገመችላት። የኩላሊት ጠጠሩ እንዳይመለስ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ። "ድርቅ ነው ብለው እንዳይቀንሱ፣ እማማ። ሦስት ሊትር።" መናገር ቀላል ነው። የሰፈሩ ቦኖ በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚከፈተው፣ ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን። እሱም ከደረሰህ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ሕግ አወጣሁ። እህል የታጠበበት ለዶሮዎቹ። ፊት የታጠብንበት ልብስ መዘፍዘፊያ። ልብስ የታጠበበት ወለል መወልወያ። ወለል የተወለወለበት ለሎሚዋ። "ሎሚዋ ከእኛ የተሻለ ሳሙና አገኘች" አለች ባለቤቴ። ሳቅን። ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

የእሷ ሦስት ሊትር ግን አይነካም። በጆጉ ላይ በልብስ ጠመኔ አሰመርኩበት። እስከዚህ ሞልታ ትጠጣለች፣ ማታ ባዶውን ታሳየኛለች።

የካቲት 9

አርባ ሦስት። በአምስት ቀን አምስት ጣት። በቀን አራት ጀሪካን ማለት ነው። እኔ የምቀዳው ሁለት ነው። የቀረው ሁለት?

ይታወቃል። በአጥሩ ማዶ ባልዲው ሲወርድ እሰማለሁ።

ዛሬ በርጩማ ላይ ቆሜ አሻግሬ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ክዳኑ አጠገብ እርጥብ አሸዋ ተከምሯል፣ አጠገቡ አካፋ። ሲሚንቶ እያቦካ ነው። በሚጠጣ ውሃ። ደሜ ፈላ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። "በዓይንህ ሲያቦካ አይተኸዋል?" አለችኝ። እሷ ለሁሉም ሰው ጠበቃ ናት።

የካቲት 13

ተናገርኩ። ወጣልኝ።

ቦኖው ጋ ወረፋ ላይ ነበርን። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እዚያው ቆሟል፤ የቦኖውን ቁልፍ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ቁልፍ ያዡ ነው የምንለው። ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። "ወንድሜ የታመመች ሚስቴን ውሃ እየጨረሰ ነው። እሷ የምትጠጣውን ጭቃ እያቦካበት ነው" አልኩት። ለካ ታናሼ ከኋላዬ፣ አሥር ሰው ያህል አልፎ ቆሟል። ቁልፍ ያዡ ጠራው። "እውነት ነው?" አለው።

እኔን አየኝ፣ ጀሪካኑን አነሳ፣ ሳይቀዳ ሄደ። ወረፋውን ጥሎ።

አፍሮ ነው። የሚለው ቢኖረው ይል አልነበር?

ማታ ባለቤቴ ጆጉን ባዶውን አሳየችኝና ፊቷን አዞረች። ጉድጓዱ ሠላሳ ዘጠኝ ጣት።

የካቲት 20

ሠላሳ አምስት ተኩል። በሳምንት ሦስት ጣት ተኩል ብቻ። በቀን አንድ ጣት የነበረው ግማሽ ጣት ሆነ።

ስለዚህ ነገሬ ሠርቷል። ግማሹን ቀነሰ። በሰው ፊት መናገር ደስ አይልም፣ ግን አንዳንድ ሰው ካልተነገረው አይገባውም። ለባለቤቴ ይሄንኑ ስላት "አዎ፣ ቀነሰ" አለች። አነጋገሯ ደስ አላለኝም። ደክሟት ይሆናል።

የካቲት 21

ባለቤቴ ሦስት የጀሪካን መሸከሚያ አሰፋችኝ። አንዱ ትልቅ፣ ሁለቱ ለትንሽ ትከሻ የሚሆኑ። "የማን ነው?" አልኳት። "የሰው ነው" አለች። ሒሳብ የለውም ማለቷ ነው። ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበርና በቀይ ክር ሰፋሁት።

የካቲት 25

ሠላሳ ጣት። የቀነሰው እኔ ስላወጣሁ ነው። ሰውየው አንድ ቀን ወደ አመሉ ቢመለስስ? ከጋራዡ አንድ በርሜል ገዛሁና በሦስት ቀን አሥር ጀሪካን ሞላሁበት። ለማጠቢያው ደግሞ ሁለት ጀሪካን ሄደ። የሞተር ዘይት የነበረበት ነው፣ በአመድም በሳሙናም ፈተግኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ግን ቢያንስ ይሄ የማንም እጅ የማይገባበት ነው።

ጠዋት ደጅ ቆሜ የታናሼን ሚስትና ሁለቱን ሴት ልጆቿን አየኋቸው። ከኮረብታው ማዶ ካለው ምንጭ ነው የሚመጡት። ሲሄዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ተሸክመው ሲመለሱ ከዚያ በላይ ነው። ሦስቱም ጀርባቸው ላይ ጀሪካን። ትንሿ ጎብጣ መሬት መሬት ነው የምታየው።

አየህ? ከጉድጓዱም ይቀዳሉ፣ ከምንጩም ያመጣሉ። ሰው ለከፋ ቀን ሲያጠራቅም እንዲህ ነው። መሸከሚያቸውም ቀይ ክር ነው... የእኔ ስፌት ነው የሚመስለው። ያሰፋሁለት ሰው አውሷቸው ይሆናል።

የካቲት 28

ምንም የለም። ሙቀት። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት።

መጋቢት 2

በርሜሉን ከፈትኩ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ባለቤቴ ቀመሰችና ተፋችው። ለዶሮዎቹ ብሰጥ ሸሹ። ወለል እንኳ ቢወለወልበት ይሸታል።

አሥር ጀሪካን። እኔ ነኝ የቁጠባ ሕግ ያወጣሁት... እኔ። ለሎሚዋ እንዳላፈሰው እሷንም ይገድላታል። ማታ ሳይታይ መንገድ ላይ ደፋሁት። አቧራው እንኳ ቶሎ አልጠጣውም።

ጉድጓዱ ሃያ ስድስት ተኩል።

መጋቢት 6

ባለቤቴን አመማት። ጎኗን ይዛ አልጋ ላይ ተጠቀለለች። ያው ሕመም ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ያስጮኻት። "ሦስት ሊትርሽን እየጠጣሽ እንዴት ይመለሳል?" አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

ፈራሁ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ ሆስፒታል።

መጋቢት 7

ከመውጣታችን በፊት ለካሁ። ሃያ አራት። ዘንጉ ላይ ውሃው የደረሰበትን በጠመኔ አሰመርኩ። ክዳኔን ቆለፍኩ። ባለቤቴ መኪና ውስጥ እያቃሰተች እኔ ጉድጓድ እለካለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 9

ተመለስን። ጠጠሩ ትንሽ ነው፣ በውሃ ይወጣል አሉ። መርፌ ወግተው ግሉኮስ ሰጧት። ሐኪሙ "ውሃ አትጠጣም" አለኝ። ትጠጣለች፣ ባዶ ጆግ ታሳየኛለች አልኩት። "ሰውነቷ አይጠጣም ነው የሚለው" አለኝ።

እሷን አስተኝቼ ጉድጓዱን ለካሁ። ሃያ አራት።

ዘንጉን አወጣሁ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ መልሼ ከተትኩ። ሃያ አራት። ሦስተኛ ጊዜ። ውሃው በጠመኔው መስመር ላይ ነው፣ የክር ውፍረት እንኳ አልወረደም። ሁለት ቀን ሙሉ። እኔ ሳልቀዳ ሁለት ቀን፣ ማንም አልቀዳም።

በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በቀን አንድ ጣት፣ አራት ጀሪካን፣ ሁለቱ የእኔ። ከዚያ በቀን ግማሽ ጣት። ግማሽ ጣት ሁለት ጀሪካን ነው። ሁለቱ የእኔ ነው። ታዲያ ግማሹን ቀነሰ ስል የማንን ግማሽ ነበር የምለው? ዕድሜ ልኬን በመለካት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ይሄን መደመር አቃተኝ?

ታናሼ ከየካቲት 13 ጀምሮ አንድ ባልዲ አልቀዳም። ቦኖው ጋ ከተናገርኩበት ቀን ጀምሮ።

ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። ታውቂ ነበር? አለቀሰች። ታውቅ ነበር። የታናሼ ሚስት በጓሮ በኩል ነግራታለች፣ ለባልሽ እንዳትነግሪው፣ አደራ ብላ። "እነዚያ ልጆች ከንጋት ጀምረው በእግራቸው ሲሄዱ እያየሁ በምን ጉሮሮ ልዋጠው?" አለችኝ። ጆጉን ግማሹን ወደ እንስራው ትመልስ ነበር። ማታ ማታ ባዶውን ታሳየኛለች። እኔ ደግሞ "ጎበዝ" እላታለሁ።

"መሸከሚያዎቹንስ ለማን የሰፋህ መሰለህ?" አለችኝ።

እጄን በአፌ ጫንኩ። ቁጣዬን ፈርታ ነው ያልነገረችኝ። በራሴ ቤት ውስጥ ሰው እውነት ሊነግረኝ የሚፈራ ሆኛለሁ።

መጋቢት 10

መስፊያው ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አንድ መርፌ አልወጋሁም።

መጋቢት 11

ሄድኩ። በመንገድ ዞሬ፣ በዋናው በራቸው። ስድስት ዓመት ያልረገጥኩት በር።

ታናሼ መሬት ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ቢላ ያጣብቃል። ቀና ብሎ አየኝ፣ አልተነሳም። ፀጉሩ ሸብቷል። ከአጥር ማዶ ሆኜ መሸበቱን አላየሁም ነበር።

"ምን ነበር?"

"ውሃ ቅዱ ልላችሁ ነው።"

"አለን።"

"ከምንጭ።"

"አዎ፣ ከምንጭ። ምንጩ ላይ የሚከሰኝ ሰው የለም።"

ተሳስቻለሁ አልኩት። አሸዋውን አይቼ ነው፣ የምታቦካ መስሎኝ... አልኩት። ቢላውን አስቀመጠ። "አቡክቼ ነበር" አለኝ። "አሸንዳው ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባበት አፉ ተሰንጥቆ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ውጭ ይፈስ ነበር። ልብስ በታጠበበት ውሃ አቡክቼ ደፈንኩት። የአንተንም በኩል።"

ምን ይባላል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለእኔ ብለህ ነው ውሃውን የተውክልኝ?" አልኩት። ሞኝ ጥያቄ ነው። ሳቀ፣ ሳቁ ደስ የሚል አይደለም። "ለአንተ? አንተማ ብትደርቅም... ለእትዬ ነው። ስታገባት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናታችን ስትሞት ልብሴን ያጠበችው፣ ራሴን ያበጠረችው ማን ነው? ‘የሚስቴን ውሃ ጨረሰ’ ስትል የታየችኝ እሷ ናት። የማንን ውሃ እንደምጨርስ ነው የሰማሁት።"

ይሄኔ ሚስቱ ከቤት ወጣች። ዝም ብላ ስትሰማ ኖሯል። ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ጨረሳችሁ?" አለች። "እሱ ኮራ፣ ከጉድጓዱ አልቀዳም አለ። እርስዎም ኮሩ፣ አልጠይቅም አሉ። ጥሩ። ግን የሁለታችሁ ኩራት በማን ጀርባ ነው የሚመጣው? እሱ ሥራ አለኝ ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ምንጭ ሄዶ አያውቅም። ሃያ ስምንት ቀን የሄድነው እኔና ልጆቼ ነን። ትንሿ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ይሄንን ማን ለካው?"

ታናሼ ጀሪካኑን ያገላብጣል። እኔ እግሬን አየዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ሴት ፊት።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ታናሼ ጉልበቴን አየው። ከዚያ "አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ" አለ፣ ወደ ሚስቱ እያየ እንጂ ወደ እኔ አይደለም።

መጋቢት 13

ቦኖው ጋ ሄጄ በዚያው ወረፋ፣ በዚያው ሰው ፊት ተናገርኩ። የከሰስኩት በሐሰት ነው፣ ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉድጓዱ አንድ ባልዲ አልቀዳም አልኩ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ይሳቅ። ቁልፍ ያዡ "አረጋዊ አባት ሆነው..." ብሎ ጀመረና ተወው።

የእኔን ክዳን ዘጋሁት። ቁልፉንና ዘንጉን ለታናሼ ሚስት ሰጠኋት። እሷ ትለካ፣ እሷ ታድል። መጀመሪያ የባለቤቴ ሦስት ሊትር፣ የቀረው በነፍስ ወከፍ። እነሱ ስድስት ናቸው፣ እኛ ሁለት። ይሄን ስትቆጥር ነው የታየኝ። ለስድስት ሰው ሁለት ጀሪካን፣ ለእኔና ለባለቤቴ ሁለት ጀሪካን ሲሆን እኩል ነው ብዬ ነበር የምቆጥረው። ያውም በዝቶባቸዋል ብዬ።

ለእኛ በቀን ግማሽ ጀሪካን ሆነ፣ ከባለቤቴ ሦስት ሊትር ሌላ። ሎሚዋ ቅጠሏን እያረገፈች ነው። ታርግፍ።

መጋቢት 17

የታናሼ ሚስት ጠዋትና ማታ ትመጣለች። ባለቤቴ ጆጉን ጨርሳ እስክትጠጣ ከፊቷ አትነሳም። "እማኝ ካልቆመብሽ አትታመኚም" ትላታለች። ሕመሙ ትናንት ለቀቃት። ጠጠሩ ሳይወጣ አይቀርም።

ታናሼ ዛሬ ተራው ነበር። ከምንጭ ተመልሶ ጀሪካኑን አውርዶ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ደህና ነህ? አልኩት። "ደህና" አለ። ዛሬ የተነጋገርነው ይሄው ነው።

መጋቢት 18

ሄድኩ። ስሄድ ሁለት ጊዜ፣ ስመለስ ሰባት ጊዜ አረፍኩ። ትከሻዬ ተልጧል። የራሴ ስፌት ነው የላጠኝ፣ እጥፉን ቀጭን ነው ያደረግኩት። ነገ ፈትቼ ወፍራም አድርጌ እሰፋዋለሁ። ሦስቱንም።

ትንሿ ትምህርት ቤት ገብታለች።

መጋቢት 26

ደመና የለም። ጉድጓዱ አሥራ ስምንት መሆኑን የታናሼ ሚስት ነገረችኝ።

ዛሬ የእኔ ቀን ነበር፣ ግን ታናሼ ሥራ ስላልነበረው አብሮኝ ወጣ። አብረን እንሂድ አላለም። በሩ ላይ ጀሪካን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጫማውን የሚያስር እየመሰለ ይጠብቀኛል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ምንጩ እንደ ክር ነው የሚወርደው። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ሰው ያረጃል። ወረፋው ሴቶችና ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሠላሳ ይሆናሉ። ሲያዩን ተጠቃቀሱ። አንዷ "ዛሬ ወንዶች ጠፍተው ተገኙ" አለች፣ ሁሉም ሳቁ። አልፈረድኩባቸውም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድንጋይ ይዤ ቆምኩ። አንዲት ሴት ታናሼን "ሽማግሌው ማን ናቸው?" አለችው።

"ወንድሜ ነው" አላት። "ታላቄ ነው። እግሩ ደካማ ነው፣ እባካችሁ አሳልፉት።"

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እየጎተቱ መንገድ ከፈቱልኝ። እስከ ምንጩ ድረስ። ከፊት የነበረችው ልጅ፣ የታናሼን ትንሿን የምታክል፣ የራሷን ጀሪካን ከውሃው ሥር አንስታ "ይቅዱ አባባ" አለችኝ።

አልቀዳሁም። ጀሪካኗን መልሼ ከሥሩ አደረግኩላትና ሄጄ ከታናሼ ኋላ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል።